ጉማሬውን እናድን፤ ዓሣው ግን ራሱን አያድንም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለእኔም ደረሰኝ። ርዕሱ «ጉማሬን እናድን፣ ዓሣ ራሱን ያድናል» ይላል። የጣናን ጉማሬና የጣናን ዓሣ ያነጻጽራል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ጉማሬ በዓለም ደረጃ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዓሣ ግን በየቀኑ በጀልባ ተጭኖ ይመጣል። ጉማሬ አንድ ግልገል ይወልዳል፤ ዓሣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። በባሕርም ቢሆን ሰው የሚጨነቀው ለዓሣ ነባሪ እንጂ ለተራ ዓሣ አይደለም። ዓሣ ዓሣ ነው፤ አንዱ ቢያንስ ሌላው ይተካል። ጉማሬው ከተጠበቀ ፋንድያው ዓሣውን ይመግበዋል። የሐይቁ ዋና ጠላት እምቦጭ ነው። ስለዚህ ያለን ገንዘብና ጉልበት ለጉማሬው ይዋል፤ ድሃውን ዓሣ አስጋሪ ደግሞ አትንኩት።

ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉ ያስታውቃል። ጣናን የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ እናቴ ዓሣ እየበለተች ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። «ዓሣ ራሱን ያድናል» የሚለውን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ ጉማሬው ያሉት። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ጉማሬን በቀይ መዝገቡ «ለአደጋ ተጋላጭ» ከሚላቸው እንስሳት ተርታ አስገብቶታል። በ2016 በወጣው ግምት በመላው አፍሪካ የቀረው ከ115,000 እስከ 130,000 ነው። ኮንጎ ውስጥ በቪሩንጋ ፓርክ በ1970ዎቹ ወደ 30,000 የሚጠጋ ጉማሬ ነበር። ጦርነት መጣ፤ ጠመንጃ በዛ፤ እንስሳው ለሥጋውና ለጥርሱ ሲባል አለቀ። በ2005 ሲቆጠር ከ1,000 በታች ሆኖ ተገኘ።

እኛ ባሕር ዳሮች ጉማሬ ለማየት ሩቅ አንሄድም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ጨረጨራ አካባቢ፣ በጀልባ ትንሽ ወጣ ማለት ይበቃል። ልጅ ሆነን ማታ ማታ ድምፁን እየሰማን ነው የምንተኛው። ይጠበቅ። በዚህ ክርክር የለኝም።

ግን ጽሑፉ አንድ ሰው ረስቷል፤ ገበሬውን። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይበላል። የሚግጥበት ዳርቻ ታርሶ በቆሎ ወይም ሩዝ ከሆነ በቆሎውን ወይም ሩዙን ይበላል። ገበሬው እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየመታ ሲጠብቅ ያድራል። አንዳንዴ ሰው ይሞታል። ጉማሬን ማዳን ማለት የሐይቁን ዳር ሣርና ደንገል ከእርሻ ማዳን ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጨምሩበት ጽሑፋቸው የበለጠ ይጠነክር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጉማሬ አንድ ይወልዳል፣ ዓሣ ሺህ ይጥላል።» ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ብዙ ሰውም እንደዚያው ያምናል። ጸሐፊው ምሳሌውን ከባሕር አምጥተዋልና እኔም ከዚያው ከባሕር ልነሳ።

ሃምፕባክ የሚባል ዓሣ ነባሪ አለ። ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ ያጠባል፣ አየር ይተነፍሳል። እንዲያውም ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የቅርብ ዘመዱ ዓሣ ነባሪ ነው። የሃምፕባክ ሴት በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብትወልድ ነው። ኮድ የሚባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። ትልቋ ሴት ኮድ በአንድ ወቅት ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን ዓሣ ነባሪው ማለቅ፣ ኮዱ መትረፍ ነበረበት።

የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሃምፕባክ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንግድ መታደኑ ተከለከለ። ቀስ በቀስ አገገመ። ዛሬ በቀይ መዝገቡ «ብዙም የማያሳስብ» ከሚባሉት ጋር ነው። ኮድ እዚያው መዝገብ ላይ እንደ ጉማሬው «ለአደጋ ተጋላጭ» ተብሎ ሰፍሯል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ለ500 ዓመት ያህል ሲሰገር የኖረው ኮድ ተሟጠጠ። በ1992 የካናዳ መንግሥት ማስገሩን አገደ። ወደ 30,000 ሰው ከሥራ ወጣ። እገዳው መጀመሪያ የሁለት ዓመት ነበር። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዓሣው ወደ ድሮ ብዛቱ አልተመለሰም።

በሚሊዮን የሚጣለው እንቁላል ለምን አላዳነውም? ምክንያቱም ከሚጣለው እንቁላል አብዛኛው አያድግም፤ ይበላል ወይም ይበላሻል። ዓሣውን የሚያቆየው በየዓመቱ ደጋግማ የምትጥል፣ ያደገች ሴት ዓሣ መኖሯ ነው። መረብ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። ባሕር ዳር ገበያ ላይ የምናውቃቸው ዓሦች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶ ሐይቁ ውስጥ፣ ዳር ዳሩን ይራባል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። ስለዚህ ቀረሶ ጫናን ትንሽ ይችላል። ይችላል ስል አያልቅም ማለቴ አይደለም።

ነጭ ዓሣ እንዲህ አይደለም። በዚህ ስም ከሚጠሩት ብዙ ዓይነቶች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ይወጣሉ። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከሐይቁ በሚገናኙበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ደለል ያልሞላው፣ ጠጠር ያለው፣ ውኃው እየፈጠነ የሚወርድበትን ቦታ ነው። እንቁላላቸውን ጠጠሩ ላይ ጥለው ወደ ጣና ይመለሳሉ። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው።

እስቲ አስቡት። ይህን ሁሉ ሰፊ ሐይቅ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውኃ፣ ትቶ ዓሣው በራሱ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጠባብ በር ላይ ይሰለፋል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው መልፋት አያስፈልገውም። በአንድ ሌሊት ጀልባው ይሞላል። የሚወጣው ዓሣ ግን ሊጥል የደረሰ ነው።

ይህን የማውቀው ከወረቀት ብቻ አይደለም። በነሐሴ እናቴ የምትበልተው ነጭ ዓሣ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ብቻ ነበር። ባልዲ አጠገቧ ታስቀምጣለች። ማታ ባልዲው ይሞላል። ደፍቶ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ስንቱን ባልዲ እንደደፋሁ አልቆጠርኩም። ያኔ ቆሻሻ የምደፋ ነበር የሚመስለኝ። እናቴም የቀረበላትን ትበልታለች እንጂ መረቡን የዘረጋችው እሷ አይደለችም። ዛሬ ግን ያ ባልዲ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከመረቡ ያመለጠውም ገና ብዙ ይጠብቀዋል። ሽቅብ ሲወጣ ብርብራ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ይፈዝና ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ትንሹም ትልቁም አብሮ ይሞታል። ከዚያ የግንባታ አሸዋና ጠጠር ማውጣት አለ፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት አልጋ ተጭኖ ይሄዳል። ለመስኖ ውኃ መሳብም አለ። ተራራው ሲታረስ የሚወርደው ደለልም ጠጠሩን ይደፍነዋል። አራትና አምስት ነገር በአንድ መንገድ ላይ ተደርድሮ እየጠበቀ፣ ዓሣው እንዴት ብሎ ነው ራሱን የሚያድነው?

ውጤቱም ተለክቷል። ቀድሞ ጣና ላይ የሚሰገረው በደንገል ጣንኳ፣ በዳር በዳሩ ነበር። የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተመራማሪዎች በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል፣ እዚሁ በእኛ በኩል፣ የነጭ ዓሣውን መጠን በ1991 እና በ2001 ለክተው አነጻጸሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከአራት እጅ ሦስቱ ማለት ነው። ገና ያልደረሱት ትንንሾቹ ደግሞ ከዚያም በባሰ መጠን ጠፍተው ነበር። ወላጆቹ በር ላይ ካለቁ ትንንሾቹ ከየት ይመጣሉ?

«በየቀኑ በጀልባ ተጭኖ ይመጣል» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ነው። ይመጣል። ግን የትኛው ዓሣ? ምን ያህል ያደገ? ከስንት ሰዓት ልፋት በኋላ? በልጅነቴ ነጭ ዓሣ ከእናቴ ክንድ ይረዝም ነበር። አሁን ገበያ ወጥቶ ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ «ዓሣ ዓሣ ነው፤ አንዱ ቢያንስ ሌላው ይተካል» የሚለው። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ጸሐፊው ጣናን እየወደዱ የጣናን ትልቁን ነገር አላዩትም።

እኛ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። 15 ያህል ዝርያ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መዝግቧቸዋል። ኋላ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ዓሣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው የሚለዩአቸውን መልኮች ይዘው በደንብ አጠኗቸው። ሁሉም ጣና ውስጥ ከአንድ ዘር የተገኙ እንደሆኑ ይታመናል። አንዱ አፉ ሰፊ ነው። ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ በድንጋይ መሐል የተደበቀ ትል ይፈልጋል። አንዱ አፉ ወደ ታች ዞሯል። ሌላው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ከመካከላቸው ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ደግሞ ያስገርማል፤ ምክንያቱም ነጭ ዓሣ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ ሆኖ መኖርን ጣና ውስጥ ተምሯል።

ይህ የሆነው ሐይቁ ስለተዘጋ ነው። ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደወረደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ይወድቃል። ከታች ያለው ዓሣ ያንን ፏፏቴ ወጥቶ መምጣት አይችልም። ለሽርሽር እየሄድን ፎቶ የምንነሳበት ፏፏቴ ለነጭ ዓሣው እንደ ግንብ አጥር ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ሁለቱን እንስሳት በዚህ ዓይን እንያቸው። ጉማሬ ከጣና ቢጠፋ ትልቅ ሐዘን ነው። ግን በባሮ ላይ አለ፣ በኦሞ ላይ አለ፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ ወንዞች አለ። ቀረሶ በመላው የዓባይ ተፋሰስ አለ፤ ቻይናም ግብፅም በኩሬ ያረባዋል። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ከጣና ከጠፉ የሚፈለጉበት ሌላ ቦታ የለም። ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ መተካት የሚባል ነገር አይሠራም።

ማስፈራራት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናዎ ደሴት፣ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያም እንደ ጣናው ያለ፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነ የዓሣ ዘር ነበር። ከውጭ የገባ ዓሣ በላቸው፤ ከልክ ያለፈ ማስገር ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ ኅብረት የሐይቁንና የመውጫ ወንዙን 17 ብርቅዬ ዓሦች ሲመረምር 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አሳወቀ። የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ አይቀሩም ተብሏል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ ሳይጠፋ የቆየው እዚህ፣ እኛ ሰፈር ነው።

«ጉማሬው ከተጠበቀ ፋንድያው ዓሣውን ይመግበዋል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ጉማሬ ከመሬት የበላውን ውኃ ውስጥ ይጥላል፤ ያም ለውኃው ሕይወት ምግብ ይሆናል። ግን በኬንያ በማራ ወንዝ የተደረገ ጥናት ሌላውንም ጎን አሳይቷል። ወንዙ ሲቀንስ ፋንድያው ይከማቻል፤ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ያ ውኃ ሲለቀቅ ደግሞ ዓሣ በብዛት ይሞታል። ከሁሉም በላይ፣ ጉማሬው የሚውልበት የዓባይ መውጫና ነጭ ዓሣው የሚራባበት የጉማራ ጠጠር የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። አንዱን መጠበቅ ሌላውን አይጠብቅም።

እምቦጩስ? እምቦጭ ክፉ ነው። ዳርቻውን ይሸፍናል፣ ጣንኳ አያሳልፍም፣ የቀረሶውን መራቢያ ይይዛል። በእጁ ሊነቅል ከየቦታው የመጣውን ሕዝብ አይቻለሁ፤ እኔም ደረቴ ድረስ ገብቼ ነቅያለሁ። ግን እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ነጭ ዓሣው 75 በመቶ የቀነሰው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ገና ያልመጣ አረም እንዴት ተጠያቂ ይሆናል? እምቦጩ ነገ ተነቅሎ ቢያልቅ እንኳ በወንዞቹ አፍ ላይ ያለው መረብ እዚያው ነው።

የመጨረሻው ነጥብ «ድሃውን ዓሣ አስጋሪ አትንኩት» ይላል። ይህን የጻፉበት ልብ ይገባኛል። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣንኳ ያሰግሩ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። ከአምስት ዓሣ ሁለቱን ለቤት፣ ሦስቱን ለገበያ ያደርጋሉ። እናቴ ሁልጊዜ ከእሳቸው ትገዛ ነበር። እሳቸው ጉማራ ድረስ ሄደው መረብ አይዘረጉም፤ ጣንኳ ያን ያህል አያደርስም። ዓሣው በወንዝ አፍ ላይ ሲያልቅ ግን ባዶ እጃቸውን መመለስ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ውኃው አለ፣ ዓሣው የለም» ያሉኝን እስካሁን አስታውሳለሁ። ዝም ማለቱ የጎዳው እንግዲህ ጸሐፊው ያዘኑለትን ሰው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌደራል ደረጃ ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ዓሣው የሚራባበት ጊዜና ቦታ ተለይቶ ማስገር ሊከለከል እንደሚችል፣ የመረቡ ዓይን ስፋትም እንደሚወሰን ይታወቃል። የጎደለው ነሐሴ ላይ፣ በዝናቡ፣ በጭቃው፣ ጉማራ አፍ ድረስ ሄዶ የሚቆም ሰው ነው። ያ ሰው ከአካባቢው ወጣቶች ቢመረጥና ለሦስት ወር ደመወዝ ቢከፈለው ብዙ ብር አይጠይቅም። ዓመቱን ሙሉ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ጉማሬ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ለጉማሬው ከታሰበው ገንዘብም መቀነስ አያስፈልግም።

ሐይቁ ይዘጋ ያለ የለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ በአራት በአምስት ወንዞች መግቢያ ላይ መረብ አይዘርጋ ነው የምንለው። ሌላው ሐይቅ ክፍት ነው። በፍልሰታ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሌላ ቀን ነው። ለሚበላው ግን በዚያ ሰሞን ቀረሶም አምባዛም ገበያ ላይ አለ። ባሕር ዳር ያሉ ዓሣ ቤቶች ነሐሴን «ነጭ ዓሣ የለንም፣ ቀረሶ እንጥበስልዎ?» ቢሉ ደንበኛው ተነስቶ አይሄድም።